አራተኛው ፎቶ

እኔ ዓሣ አላጠምድም፤ ሥራዬ ፖስታ መክፈት፣
ዋዮሚንግ፣ ከአንዲት ጠባብ የዓሣ ቢሮ፣ ከመስኮቱ ፊት።
ውድድሩ ቀላል ነው፣ ሕጉ አንድ ገጽ አይሞላም፤
አራት የትራውት ዘር አለ፣ ከዚህ ውኃ ሌላ አገር የለውም።
አራቱንም በየወንዛቸው፣ ከላባ በተሠራ ዝንብ አታለህ፣
ጥርሱ በተደፈጠጠ መንጠቆ፣ እጅህን አስቀድመህ አርጥበህ፣
ያዝ። ፎቶ አንሣ። ልቀቅ። ላክልን።
ሜዳሊያ እንሰጥሃለን፤ ክፍያህን ለወንዙ እናውላለን።

ፎቶዎቹ ይመሳሰላሉ፤ ፈገግታ፣ የራሰ እጅጌ፣
ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ወርቃማ ጎን፣
ከመንጋጋው ሥር ቀይ ሰረዝ፣
አስተማሪ በእርማት ብዕር የጫረው የሚመስል።

ኦርቪል ታገርት ግን ሦስት ዓሣ ላከ።
አራተኛው ፎቶ አሮጌ የወተት ቆርቆሮ ነበር፣ ጎኑ የተጨረመተ፣
ጆሮው ላይ የበቅሎ ገመድ እስካሁን እንደተቋጠረ የቀረ።

«ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው» ይላል ደብዳቤው፣ «የቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ።
አራተኛውን ፍለጋ ልጅ ሳለሁ ወደማውቀው ወደ ቲምብል ጅረት ወጣሁ።
አምስት ቀን ወረወርኩ። የያዝኩት ሁሉ ያው ብሩክ ትራውት፤
ሆዱ ብርቱካን፣ ክንፉ ዳር ዳሩን ነጭ ጥለት፤
ቆንጆ ነው። ግን የምሥራቅ ሰው ነው፣ እንግዳ ነው በዚህ ቤት።
ማን እንዳመጣው አውቃለሁ። በቅሎዋን የሳብኩት እኔ ነኝ፤
ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ‹ውኃው እንዳይፈስ!› እያለኝ
አባቴ ከኋላ፣ በዚሁ ቆርቆሮ።
‹ወንዙ ይበርከት› ብሎ ለቀቃቸው። ክፉ ሰው አልነበረም አባቴ።
እንግዶቹ ግን ወለዱ፣ ባለቤቱን ከጓዳው አስወጡ።
ሕጋችሁ እንግዳውን ብላ ይላል፤ አሥራ አንዱን በቅቤ ጠበስኩ።
ጣፈጡኝ። ከሁሉም ይልቅ በመጣፈጣቸው አፈርኩ።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል።
ኦርቪል ጎርጉሮ አባቱን አወጣ።

አንድ ቃል ነው፤ ለቀቀ።
አባት ለቀቀ፤ ወንዙ ተጨነቀ።
ልጅ ለቀቀ፤ ሦስት ዓሣ ከመዳፉ ሾልኮ ጠለቀ።
ቃሉ በሁለቱ መሀል ስልሳ አምስት ዓመት ዋኘ፣ አልደረቀ።

ሕግ ሕግ ነው። ቆርቆሮ ዓሣ አይሆንም፤
ሜዳሊያ አልላክሁለትም።
ፎቶውን ግን መዝገብ ውስጥ አልቀበርኩትም፣
ከመስኮቱ ጎን ሰካሁት።
ሉሲንዳ ኦካምፖ፣ የወንዝ ባለሙያዋ፣ ኮቷን ሳታወልቅ አየችው፤
«ይህ ጅረት የት ነው?» አለች። ካርታዋ ላይ ስሙም አልነበረው።

ሁለት በጋ ፈጀ። እንግዳ እንዳይወጣበት ከታች ግንብ ተሠራ፣
ከላይ ያሉት እንግዶች ተለቀሙ፤ ብዙ ተደከመ፣ ብዙ ገንዘብ ወጣ፣
ከመንደሩም የተቆጣ ተቆጣ።
መስከረም ላይ እኔም ከወንበሬ ተነሣሁ፤
ጥፍር የሚያህሉ ዓሦች የሚዋኙበት የውኃ ከረጢት አዝዬ ዳገቱን ወጣሁ።
ኦርቪል ከፊቴ ነበር፣ በትር ይዞ፣ በቅሎ የለውም።
በየመቶ እርምጃው ይቆማል። ለዕረፍት አይደለም፤
ከረጢቱን ፈትቶ ያያል፣ ይተነፍሱ እንደሆነ።

ከጅረቱ ዳር ተንበረከከ። አልጸለየም፣ አልተናገረም።
ከረጢቱን አዘነበለ፤ መጀመሪያ ወንዙ ምንም አልመሰለም፤
ቀጥሎ ከድንጋዩ ጥላ ሥር ጥላ ያልሆነ ነገር ተነቃነቀ።
ለቀቀ።

«ለመንጠቆ እስኪደርሱ ስንት ዓመት?» ብሎ ጠየቀ።
«አራት» አለችው ሉሲንዳ።
በጣቱ ቆጠረ፣ ዓሦቹን ሳይሆን፣
ከሰባ አምስት ጀምሮ። አራተኛው ጣት ላይ ቆየ፤
እጁ እርጥብ ነበረ።

ሰኞ ዕለት ካርዱን መለስኩለት፣ ሦስቱን ሳጥን በማኅተም አድምቄ፣
አራተኛውን ባዶ ትቼ፣
የማብቂያውን ቀን በነጭ ቀለም ደብቄ።